ከመንገድ ዳኛ እስከ ሰበር ችሎት

በድሮው የኢትዮጵያ ሥርዓት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢካሰሱ የሚዳኛቸው በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ነበር። ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጋር ይቋጥርና ያገኘውን መንገደኛ «ዳኛ ሁነን» ብሎ ያቆመዋል። የተጠራው ሰው ጉዳይ አለብኝ ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ግራ ቀኙን ይሰማል፣ ዋስ ያስጠራል፣ እንደመሰለው ይፈርዳል። ሁለቱም ከተቀበሉት ነገሩ እዚያው ያልቃል። ያልተስማማው ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያ ወደ መልከኛው፣ ከዚያም ወደ አገረ ገዥው ይሄዳል። ከገዥው በላይ ወንበሮች የሚባሉ ዳኞች አሉ፤ ከወንበሮች በላይ አፈ ንጉሡ፤ ከሁሉም በላይ ዙፋን ችሎት።

ይህን ልማድ በማስታወሻቸው የጻፉ የውጭ ተጓዦች በነጠላ መተሳሰሩ ገርሟቸዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የመጀመሪያውን ዳኛ የሚመርጡት ባለጉዳዮቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። ዳኛው ደመወዝ አልነበረውም፤ የሹመት ደብዳቤም አልያዘም። ሥልጣኑ የመነጨው ሁለቱ ሰዎች ፊቱ ለመቆም በመስማማታቸው ብቻ ነው። ክርክሩ በበላ ልበልሃ ይሞቃል፤ ተሟጋቾቹ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ ከተረታው ከሚከፈለውም ለዳኛው ድርሻ ነበረው። ጉድለቱ ብዙ ነው። ጉልበተኛው ደካማውን እንዳሻው ያንገላታ ነበር፤ ሴትና ባሪያ እንደ ነጻ ወንድ አይሰሙም ነበር። ቢሆንም የዳኝነት ትንሿ ወንበር የአካባቢው ሰው ነበረች።

ላይኛው ጫፍ ሌላ ዓለም ነው። ንጉሡ ሲያስችሉ መኳንንቱ በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ፍርድ መስጠትም ከታች ካለው ይጀምራል። ታናሹ በመጀመሪያ የመሰለውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ከእሱ የሚበልጠው፣ እንዲህ እያለ እስከ አፈ ንጉሡ ይደርሳል፤ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይፈርዳሉ። ትልቁ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ታናናሾቹ ያንኑ ከመድገም በቀር ምን ያደርጋሉ? ያለ አንድ የጽሑፍ መመሪያ የተገኘው ይህ ሥርዓት ዛሬም በብዙ ስብሰባ ቢኖር የምመኘው ነው። ነገሩ የከበደ እንደሆነ ፍትሐ ነገሥት ይገለጣል። በ13ኛው መቶ ዘመን የግብፁ የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው፣ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ ሊቃውንቱ ካልተረጎሙት በቀር ለባለጉዳዩ የተዘጋ ነበር። መንገድ ላይ የተጀመረው ክርክር በልማድ ሲዳኝ የዙፋኑ ክርክር በመጽሐፍ ይዳኝ ነበር ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት ታሪክ ሳይ ከእነዚህ ሁለት ጫፎች አንዱ ሌላውን የዋጠበት ታሪክ ሆኖ ይታየኛል። ባለፈው መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ከላይ የሚሾም ዳኛ ደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ ወረዳ ደርሷል። የላይኛው ወንበር የሚያገኘው ጥንቃቄ፣ በጀትና የተማረ ሰው ግን አብሮ አልወረደም።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ደረሰ። ዳኝነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መልክ መያዝ የጀመረው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። በውሉ ሰባተኛ አንቀጽ መሠረት ፈረንሳዊ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰስ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ብቻውን አይፈርድም፤ ቆንስሉ አብሮት ይቀመጣል። ሌሎች መንግሥታትም ያንኑ መብት ጠየቁ፤ አገኙም። ኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት ከዚህ የተወለደ ነው። በአገሪቱ ዋና ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ ዳኛ የባዕድ ቆንስል ካልተስማማለት ፍርዱን መቋጨት አይችልም ነበር። ይህ ቁስል የዘመኑን የተማሩ ሰዎች እጅግ ያቃጥል ነበር፤ «ሕጋችሁ አልተጻፈም፣ ዳኞቻችሁ አልሠለጠኑም» የሚለውን ሰበብ ለማሳጣት ሲባል ሕግ መጻፍና ፍርድ ቤት ማደራጀት የሉዓላዊነት ጥያቄ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለተሠራው ሁሉ አንዱ ሞተር ይህ ነበር። ሞተሩ የሚገፋውም ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ነበር፤ የውጭ ሰው የሚቆመው እዚያ ነውና።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ስለ ዳኞች ጥቂት አንቀጾች ብቻ አሉት። ዳኞች በሕጉ መሠረት በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይፈርዳሉ፤ የሚመረጡትም የዳኝነት ሥራ ከሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ይህ ብዙም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ዛሬ የምናውቀው ደረጃ በደረጃ የተሰደረ ፍርድ ቤት የተወለደው ከነጻነት በኋላ ነው። በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች እንዲዳኙ አደረገ፤ የቆንስሎቹም ዘመን አበቃ። ክፍያው ግን ነበረው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንግሊዛውያን ዳኞች ተሰየሙ፤ የውጭ ሰው ያለበት ክስ ሲሰማም ከዳኞቹ ቢያንስ አንዱ ከእነሱ እንዲሆን ተደነገገ። በዚያው ዓመት በተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ደግሞ ግንባታውን ዘረጋ፤ ከላይ አፈ ንጉሡ የሚመሩት ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከሥሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የጠቅላይ ግዛቶቹ ፍርድ ቤቶችና ከእነሱ ሥር ያሉት። ለሙስሊሞች የጋብቻና የውርስ ጉዳይ የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች በሕግ ታወቁ።

ከላይ ሲታይ ይህ ዘመናዊ ነበር። ከከፍተኛው ፍርድ ቤት በታች ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የግዛቱ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሆኖ ይቀመጣል፤ የወረዳ ገዥውም እንዲሁ። ግብር የሚሰበስበው፣ ፖሊሱን የሚያዘው፣ መሬት የሚያካፍለው ሰው ከሰዓት በኋላ ዳኛ ይሆናል። ገበሬው በገዥው ላይ አቤት ቢል አቤቱታውን የሚሰማው ገዥው ነው። ለአዲስ አበባ የውጭ ነጋዴ ሲባል በሕግ የሠለጠነ ሰው ከባሕር ማዶ ሲመጣ ለመንዝ ወይም ለጋሙ ገበሬ ሲባል ገዥውን ከዳኝነት ወንበር የማስነሣት ችኮላ አልታየም።

ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ የአጥቢያ ዳኝነት አዋጅ ወጣ። የአጥቢያ ዳኛው እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል፤ በቀላል ጥፋት እስከ 15 ብር መቀጮ ይጥላል። ዋና ሥራው ማስታረቅ ነው። የድሮውን የመንገድ ዳኛ በአዋጅ ለመተካት የተደረገ ሙከራ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የአጥቢያ ዳኛው ሹመት ከመንግሥት መምጣቱ ነው። ባለጉዳዩ የሚመርጠው ዳኛ ከመንግሥት መዋቅር የወጣው በዚህ ዘመን ነው። ሽምግልናው በየሰፈሩ ቀጥሏል፤ ግን የአገሩ ፍርድ ቤት አካል መሆኑ ቀረ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ መሆናቸውን፣ ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ በግልጽ ጻፈ። ያው ሕገ መንግሥት ዳኞቹን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ መሆናቸውን፣ ፍርድ እንዳይጓደል የመጠበቅ መብትም ግዴታም እንዳለባቸው ጻፈ። ዙፋን ችሎትም ቀጠለ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው የመጨረሻ ተስፋው ንጉሡ ነበሩ። ባላባቱም ገበሬውም ከሩቅ አገር በእግሩና በበቅሎ መጥቶ ወራት ይጠብቃል፤ መኪናቸው ሲያልፍ ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል። ይህን በፌዝ የሚያወሩት አሉ፤ ለእኔ ግን ፌዝ ሆኖ አይታየኝም። ሰዎቹ ከወረዳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ሁሉ የተጓዙት በሥረኛው ዳኛ ላይ እምነት ስላልነበራቸው ነው። ላይ ያለው ሰው ጥሩ ነው፤ በመካከል ያሉት ናቸው የሚበድሉት የሚለው አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ያልለቀቀን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል።

በእነዚያው ዓመታት የሕግ መጻሕፍቱ ተከታትለው ወጡ። የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ተከፈተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ውስጥ በዲግሪ የተመረቀ ሕግ አዋቂ ተገኘ። ቀድሞ የተዝረከረከው የፍርድ ቤት እርከንም በ1950ዎቹ አጋማሽ በወጣ አዋጅ ወደ አራት ተሰበሰበ፤ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ። ይሁን እንጂ ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጾች ያሉትን ፍትሐ ብሔር በወረዳ ደረጃ እንዲሠራበት የተሰጠው ዳኛ ብዙውን ጊዜ ሕግ ተምሮ አያውቅም። ተመራቂዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ጥቂቶቹም ከአዲስ አበባ ብዙ አልራቁም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ንጉሡን ያወረደው ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል አፈ ንጉሥ አበጀ ደባልቅ ይገኙበታል። የአገሪቱ የፍርድ ራስ ሆነው የሠሩ ሰው ክሳቸው በማንም ዳኛ ፊት ሳይነበብ ተገደሉ። ከዚህ በላይ የዘመኑን ፍርድ ቤት የሚገልጽ ነገር አላውቅም። ለፖለቲካው ክስ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ መደበኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ውርስና ብድር እያዩ ቀጠሉ።

የታችኛው ወንበር ነገር ግን በደርግ ጊዜ ያልተጠበቀ መልክ ያዘ። የገጠር መሬት አዋጁና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎችን አቋቋሙ። የሸንጎውን አባላት የሚመርጡት የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው። በወረቀት ላይ ሲታይ የታችኛው ዳኛ ወደ ሕዝብ ተመለሰ። የድንበር ግጭት፣ የስድብ፣ የትንሽ ዕዳ ነገር ሰው ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ሰፈሩ አለቀለት፤ ይህን ያመሰገኑ ብዙ አዛውንቶች አሉ፤ ምስጋናቸውም እውነት ነው። ሸንጎው የተቀመጠበት ግቢ ግን የአብዮት ጥበቃው ግቢም ነበር። ቀን የጎረቤት ጠብ የሚታይበት ቀበሌ ሌሊት ወጣቶች የሚታሰሩበት፣ የሚገረፉበትና የሚገደሉበት ሆነ። ሕዝብ የመረጠው ዳኛ መሣሪያ ከያዘው ካድሬ ጎን ሲቀመጥ ምርጫው ምን ትርጉም ነበረው? ምርጫ ብቻውን ዳኛን ነጻ እንደማያደርግ ይህ ዘመን አሳይቶናል፤ ሹመት ብቻውን ባሪያ እንደማያደርገው ሁሉ።

በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚመርጠው ብሔራዊ ሸንጎው ሆነ፤ የሥራ ዘመናቸውም ከሸንጎው ጋር አምስት ዓመት። በአምስት ዓመት አንዴ በገዥው ፓርቲ ሸንጎ ፊት የሚቀርብ ዳኛ በፓርቲው ላይ ይፈርዳል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈልን አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ እንደገና የሚያይ የሰበር ችሎት በዘመናዊ መልኩ የገባው ያኔ ነው።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነባር ዳኞች በብዛት ከወንበራቸው ተነሡ፤ በምትካቸው በየክልሉ አዳዲስ ሰዎች ተሾሙ። ብዙዎቹ የወረዳ ዳኞች ጥቂት ወራት ብቻ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ክፍተቱን ለመሙላት በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ከየክልሉ የመጡትን በሕግ ያስተምር ጀመር። የቋንቋው ጉዳይ እውነተኛ እርምጃ ነበር። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪው ገበሬ በአስተርጓሚ ሳይሆን በራሱ አንደበት መሟገት ቻለ፤ ይህን ትርፍ ማቃለል አይገባም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሁሉ ሕጉን ያውቃል ማለት ግን አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለት ትይዩ የፍርድ ቤት መዋቅሮችን አቆመ፤ የፌዴራልና የክልል። በሁለቱም በኩል ሦስት እርከን አለ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ፤ በክልል የወረዳ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች በአገሪቱ ሁሉ አልተከፈቱም፤ በመላ አገሪቱ ወይም በከፊል እንዲቋቋሙ ለመወሰን የተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በብዙ ክልሎች የፌዴራል ጉዳይ የሚያየው በውክልና የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛውን፣ የክልሉ ከፍተኛ ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃውን ሥራ ደርቦ ይሠራል። በ1995 ዓ.ም. በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በቀድሞው ደቡብ ክልል የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አዋጅ ወጣ። በሕገ መንግሥቱ ልዩ ፍርድ ቤት ማቋቋም የተከለከለ ነው፤ የ1967ቱን ሌሊት ያየ ትውልድ ይህን አንቀጽ ለምን እንደጻፈ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዳኛ የሚመረጥበትን መንገድ የያዘው አንቀጽ 81 ነው፤ ቀስ ብሎ ማንበብ የሚገባው ይመስለኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመለምላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። በክልልም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በርእሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት፣ ሌሎቹ በክልሉ ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማሉ። ለክልሉ ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ አለ። ጉባኤው እጩዎቹን ለምክር ቤት ከማቅረቡ በፊት የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት፤ መልስ በሦስት ወር ካልመጣ ሹመቱ ይቀጥላል። ለወረዳ ዳኞች ግን ይህ ማጣሪያ የለም። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ የላይኞቹ ዳኞች የፌዴራል ጉዳይ በውክልና ስለሚያዩ ነው። ሆኖም ውጤቱ ያው የድሮው ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ዳኛ ፊት ብቻ የሚቆምበት፣ ማስረጃ የሚሰማበት፣ ምስክር የሚመዘንበት ወንበር ምልመላው ከሁሉ አጭሩን መንገድ ይሄዳል። ይግባኝ ሰሚው የሚያነበው መዝገቡን ነው፤ ምስክሩ ሲናገር ፊቱን ያየው የሥረኛው ዳኛ ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረውን እውነት ማንም የበላይ ችሎት አይመልሰውም።

ሕገ መንግሥቱ ዳኛን ከወንበሩ ማንሣትን ከባድ አድርጎታል። ጉባኤው የሥነ ምግባር ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም ሕመም መኖሩን መወሰን፣ ምክር ቤቱም በአብላጫ ድምፅ ማጽደቅ አለበት። በ1988 ዓ.ም. በተቋቋመው የመጀመሪያው የፌዴራል ጉባኤ ውስጥ ግን ከዳኞቹ ጋር የፍትሕ ሚኒስትሩና ሦስት የምክር ቤት አባላት ተቀመጡ። ከሳሹ መሥሪያ ቤት ዳኛ በሚመርጠው ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ነበረው ማለት ነው። የነጻነቱ ፈተና ብዙ አልዘገየም። በ1993 ዓ.ም. በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አዘዙ፤ አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። በዚያው ሰሞን በሙስና ለተከሰሱ ሰዎች ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። የዚያ ትእዛዝ ክብደት የሚገባው ያንን ዘመን ለኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የመንግሥትን ፊት ሳያዩ ሕጉን አነበቡ፤ የታችኛው ወንበር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያየነው ያኔ ነው።

የኔ ዘመን ባለጉዳይ ግን ተስፋውን የጣለው ከላይ ነው፤ በሰበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሰበር ሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ አደረገ። ክልሎች ባወጡት ሕግ ላይ ሳይቀር የፌዴራሉ ሰበር የመጨረሻ ቃል የሚኖረው መሆኑ ሕግ አዋቂዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሌላ በኩል ሰበር ያቀናቸው ፍርዶች አሉ። በ2000 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል የመጣ አንድ መዝገብ ምሳሌ ይሆናል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ ያልተንከባከበው አባት ኋላ ልጄን ብሎ ከሰሰ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ጠቅሰው ለአባቱ ፈረዱ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን የሕፃኑ ጥቅም ቅድሚያ ይሰጠዋል ብሎ፣ ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነቱን ጠቅሶ ውሳኔዎቹን ሻረ። መልካም ፍርድ ነው። ግን ሕገ መንግሥቱና ስምምነቱ በመጀመሪያው ዳኛ ጠረጴዛ ላይም ነበሩ። አክስቲቱ አዲስ አበባ ድረስ መሟገት ባትችል ኖሮ ልጁ በየትኛው ቤት ያድግ ነበር?

ከዚህ የተነሣ ሰበር የዙፋን ችሎትን ሸክም ወርሷል። ሦስት ዳኞች ተሰይመው «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» የሚሉበት ማጣሪያ ከየክልሉ በሚመጣ አቤቱታ ይጨናነቃል። ሰው ሦስት ጊዜ ተረትቶም አራተኛውን ደጅ ይጠናል። ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ግን ከፍርድ ቤቶቹ እጅ ውጭ ነው፤ 11 አባላት ያሉትና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚመራው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመረምራል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው የሕግ ቃል በፖለቲካ ምክር ቤት እጅ መቆየቱ ለእኔ አሁንም የዙፋኑ ጥላ ነው።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ባገለገሉበት ዘመንም ሕጎቹ እንደገና ተጻፉ። በ2013 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1233 እና 1234 የዳኞች አስተዳደር ጉባኤውን አባላት ስብጥር ለወጡ፤ የምልመላውን ሥርዓት በዝርዝር አስቀመጡ። ሰበር ቀድሞ የሰጠውን አስገዳጅ ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ አደረጉ። ብዙ ያልተወራለት ለውጥ ግን የገንዘብ ወሰኑ ነው። ቀድሞ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ክስ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር፤ አሁን እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ያያል። ገንዘቡ የረከሰ መሆኑ ባይካድም ትልቅ ክርክር ወደ ታችኛው ወንበር ወረደ፤ ያን ወንበር በዚያው ልክ ማሳደግ ግዴታ ሆነ።

በዚያው 2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን የሚያውቅ ሕግ አወጣ። ሽማግሌዎቹን የሚመርጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለባህልና ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ቦታ ሲሰጥ የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ጠቅሶ፣ በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ መሥርቶ ነው። ፈቃዱ ከልብ መሆኑ በተለይ ለሴቶች ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘመድ ሁሉ እያየ «አልፈቅድም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ በገጠር ያደገ ያውቀዋል። ያም ሆኖ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የነበረው ዳኛን የመምረጥ መብት ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ በአንድ ክልል በሕግ ተመልሷል።

በተቀረው የዳኝነት መዋቅር ውስጥ የወረዳ ዳኛ ሹመት የክልሉ ምክር ቤት በሚሰበሰብበት ጊዜ ከብዙ አጀንዳዎች አንዱ ነው። ስም ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፣ ዳኛው ወደ ተመደበበት ወረዳ ይሄዳል። እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የክልል ጉባኤዎች የወረዳ ዳኛ እጩዎችን ስምና የትምህርት ማስረጃ ለምክር ቤቱ ከማቅረባቸው በፊት ዳኛው በሚሠራበት ወረዳ፣ በፍርድ ቤቱ ደጃፍና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በአካባቢው ቋንቋ ይለጥፉ፤ ነዋሪው የሚያውቀውን በጽሑፍም በቃልም እንዲሰጥ አንድ ወር ይስጡት። ለፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየት ሦስት ወር የሚጠብቅ ሕግ ለመንዝና ለጋሙ ገበሬ አንድ ወር አያጣም።